አባቷ የተቀበረ ቀን ልጄ ሞጣ ላይ ስትጨፍር ዋለች

ባለቤቴ ሙሉቀን ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ጊዜው መንገዱ ሰላም የነበረበት፣ ተማሪ በአውቶቡስ እየዘፈነ ከቢቸና ሞጣ የሚሄድበት ነው። ስለ ሞቱ ብቻ ቢሆን ይህንን አልጽፍም ነበር፤ ሞት ለማንም አይቀርም። የምጽፈው ልጄ አባቷን እንዳትቀብር ስለተደረገበት ቀን ነው። ያደረጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለእሷ አዝነው ነው ያደረጉት። እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣ ያለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ክፉ ሰው ያደረገው ቢሆን ረግሜው እረሳው ነበር።

ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ።

ትርንጎ አንድ ልጃችን ናት። ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትናገር ምላሷ ይያዛል። ቤት ውስጥ ከእኛ ጋር ስትሆን ብዙም አያስቸግራትም። ክፍል ውስጥ ግን መምህር ጠይቋት ከተነሳች የመጀመሪያው ቃል አፏ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ልጆቹ ቀድመዋት ይጨርሱና ይስቃሉ። ስለዚህ እጇን አታወጣም፤ በእረፍት ሰዓትም ብቻዋን ትቀመጣለች። ጓደኛዬ ናት ብላ ቤት ያመጣቻት ልጅ አልነበረችም።

የመንፈቅ ዓመት እረፍት ሲደርስ ትምህርት ቤቷ ከአንድ የሞጣ ትምህርት ቤት ጋር የተማሪ ልውውጥ አዘጋጀ። የእኛ ልጆች ሞጣ ሄደው በተማሪዎች ቤት ያድራሉ፣ መርጡለ ማርያምን ይጎበኛሉ፣ ወደ ዓባይ ገደል በእግር ይወርዳሉ፣ በመጨረሻም የባህል ትርኢት ያሳያሉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ የሞጣ ልጆች በተራቸው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። እኔ ነገሩን አልወደድኩትም።

«ሰው ቤት አድራ፣ ሰው አፍ አፏን እያየ እንዴት ትሆናለች?» አልኩ።

ሙሉቀን አናጺ ነበር። የሚልገውን ጣውላ ትቶ ቀና አለና፣ «ተያት እንግዲህ! እዚያ የሚያውቃት የለም። እዚህ ሁሉም ተብታባ ብሎ ጨርሷታል፤ እዚያ ገና ናት» አለኝ።

ሰኞ ማለዳ ቦርሳዋን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። እንዴት እንደተሰናበቱ አላየሁም። እኔ ቤት ቀርቼ ነበር።

ሞጣ ያረፈችው ጨርቃ ጨርቅ ከሚነግዱ የሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ነው። የቤቱ እመቤት ዘሐራ ትባላለች፤ ልጇ ኢክራም የትርንጎ እኩያ ናት። ማክሰኞ ማታ ትርንጎ በዘሐራ ስልክ ደወለች። መርጡለ ማርያምን አይታ መመለሷ ነበር። «ክርስቲያን ጎረቤታቸው ቤት ዶሮ አሳርደው ለእኔ ብቻ አሠሩልኝ፤ ኢክራም እያየችኝ እንቁላል በላች» ብላ ሳቀች። ሙሉቀን ስልኩን ከእጄ ወስዶ ብዙ አወራት። የመጨረሻቸው ነበር።

ረቡዕ ማለዳ ጣውላ ሊያወርድ ወጥቶ «ደረቴን» ብሎ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ባጃጅ እስኪመጣ እጄ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ አየውና ወደ እኔ ሳይዞር ወጣ።

ቤት ስንመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ከሞጣ ቢቸና በመኪና ሩቅ አይደለም፤ አሁን ከተነገራት እስከ ማታ ትደርሳለች። ስልኬን አውጥቼ የዘሐራን ቁጥር ስፈልግ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ቢሻው እጄን ያዙኝ።

«ለማን ልትደውይ ነው?»

«ለትርንጎ።»

«አብደሻል? ለልጅ በስልክ መርዶ ይነገራል? በሰው አገር፣ በሰው ቤት?»

«ሞተ አትበሏት። አሞታል፣ ነይ ብቻ በሏት።»

«አሞታል ከተባለች ያው አወቀች አይደል? ያን ሁሉ መንገድ እየጮኸች ማን ይዟት ይመጣል? ትጫወት ተያት። ስትመጣ እንደ ወጉ እናረዳታለን።»

በእኛ አገር መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። በማታ አይነገርም። ሰውየው ቤት ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ተኝቶ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል። ለሌላ ሰው ሲደረግ ሳየው ደግ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አያ ቢሻው ስልኬን ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። «አንቺ ሐዘንሽን ተወጪ፤ ይሄ የእኛ ሥራ ነው» አሉኝ።

ቀብሩ ለዚያው ቀን ይሆናል ሲባል የሙሉቀን እህት ከደብረ ኤልያስ እስክትደርስ ይቆይ ተባለና ለሐሙስ ቀትር ተላለፈ። ደብረ ኤልያስ ከሞጣ ይርቀናል። «ለእህቱ ከተጠበቀ ለልጁስ?» ብዬ እንደገና ለመንኩ። የእድሩ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አያ ቢሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹም «ዝም በይ፤ ለእሷው ብለው ነው» እያሉ ትከሻዬን ደገፉኝ።

ሐሙስ ቀበርነው። ከሬሳው ፊት ፎቶውን ይዞ የሄደው የእህቱ ልጅ ነው። ልጅ እያለው ልጅ እንደሌለው ሰው ተቀበረ።

በሞጣ በኩል የሆነውን የሰማሁት ቆይቶ ነው።

አያ ቢሻው ረቡዕ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ለሄደው መምህር ደውለው ነበር። «እስክትመለስ እንዳትሰማ፤ እንዳይከፋትም አድርግልኝ» ብለውታል። መምህሩ ገና ወጣት ነው፤ ነገሩን ብቻውን መያዝ አቃተው። ልጅቷ ላረፈችበት ቤት እመቤት ነገረ፣ አብሮት ለሄደው ሌላ መምህር ነገረ፣ ለክፍል አለቃዋም ነገረ። ከዚያ በኋላ ከቢቸና የሄደው ተማሪ ሁሉ ሰማ፤ ከመካከላቸው ያልሰማችው እሷ ብቻ ሆነች። ልጆቹም «ትርንጎን አስደስቷት» ተባሉ።

አስደሰቷትም። ረቡዕ ወደ ገደሉ ሲወርዱ ቦርሳዋን ለመሸከም ተሻሙ። ቁልቁለቱ ላይ ግራና ቀኝ እጇን ይዘው አወረዷት። ውኃ ሲቀዳ መጀመሪያ ለእሷ ሰጧት። አንድ ቦታ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው እያንዳንዳቸው ስማቸውን እየጮኹ ገደሉ ሲመልስላቸው ይጫወቱ ነበርና እሷንም ከፊት አቆሟት። ስሟን ልትጠራ ስትል ምላሷ ተያዘ። ማንም አልሳቀም። ማንም ቀድሞ አልጨረሰላትም። ዝም ብለው ጠበቋት። ከብዙ ትግል በኋላ «ትርንጎ!» ብላ ስትጮህ ገደሉ መለሰላት። ሁሉም አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ ሴቶች ልጆች አለቀሱ። እሷ ደስ ብሏቸው መስሏት አቀፈቻቸው።

ሐሙስ ኢክራም እጇን ሂና ቀባቻት። እኛ ሙሉቀን ላይ አፈር ስንመልስ ልጄ ጥበብ ቀሚስ ለብሳ፣ ከመሐል ገብታ እስክስታ ትወርድ ነበር። ከዚያ በፊት ከኋላ ረድፍ ወጥታ አታውቅም። መምህሩ ፎቶ አነሳትና የትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ከሥሩ «ደስታ በሞጣ» ብሎ ጽፎበታል።

ዓርብ ከሰዓት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከሩቅ ከበሮና የአውቶቡስ ጥሩምባ ሰማሁ። ከዚያ ዘፈን መጣ። አንዲት ልጅ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ድምፁ ሲቀርብ ለየሁት። የምታወጣው ትርንጎ ናት። ስትዘፍን ምላሷ አይያዝም፤ ግን ሰው ፊት ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ብድግ ስል ሴቶቹ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

መምህሩ ከተማው ሲገቡ ዝም ሊያሰኛቸው አስቦ ነበር አሉ። ነገር ግን በድንገት ዝም ካሉ ትጠረጥራለች ብሎ ተወው። እኔም ድምጿ በዋናው መንገድ አልፎ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ።

ቤት አላመጧትም። ድንኳኑን እንዳታይ በሌላ በኩል አዙረው አያ ቢሻው ቤት አስገቧት። «እናትና አባትሽ ጉንደ ወይን ለቅሶ ሄደዋል፤ ነገ ይመጣሉ» አሏት። አመነቻቸው። እራቷን በላች፣ ስለ ገደሉ አወራች፣ ለአጎቷ ሚስት የሞጣን እስክስታ አሳየች፣ ተኛች። አንድ ከተማ ውስጥ ተለያይተን አደርን።

ቅዳሜ ሲነጋ ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባባት። አረዷት። ወደ እኔ ሊያመጧት ሲሉ እጇን አዩት። ለቅሶ ላይ የቀላ እጅ! ሴቶቹ ይዘው በሎሚና በአመድ ፈተጓት። ሂና በአንድ ቀን አይለቅም። በሻሽ ጠቅልለውላት አመጧት።

እየጮኸች ትመጣለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ከፊቴ ቆመች።

«መ... መቼ?» አለች።

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ እኔ...» ብላ እጇ ላይ የተጠቀለለውን ሻሽ አየችው። ቀና ብላ፣ «አ... አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አባቷ የሞተው እጄ ላይ ነው። አያ ቢሻው ከኋላዋ ሆነው፣ «ሁላችንም ለአንቺው ብለን ነው ልጄ፤ እናትሽም ተስማምታለች» አሉ።

«አልተስማማሁም!» ብዬ ጮህኩ። ግን ለቅሶ ላይ ያለች ሴት የማትለው ነገር የለም። ማንም ቃሌን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሷም አልቆጠረችልኝም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥም መናገር ተወች። የምትፈልገውን በእጇ ታሳየኛለች። ትምህርት ቤት ስትመለስ ያ ሁሉ ቦርሳ የተሸከመላት ልጅ በፊቷ ማለፍ አፈረ። ሊያናግሯት ፈሩ መሰለኝ፤ ብቻ እንደ ድሮው ሸሿት። ፎቶው ግን በየስልኩ ነበር። አንዲት ልጅ በንዴት ጊዜ «አባቷ ሲቀበር እስክስታ የምትወርድ!» ብላ ሰደበቻት። መምህሩ ሲነገረው ፎቶውን አጠፋ።

የዚያን ዕለት አልጋዋ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ እየቆራረጠች እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ የ... የወደዱኝ መስሎኝ ነበር።»

ከዚህ ሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው። አባቷን አለመቅበሯ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ልጄ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ተወድጃለሁ ብላ ነበር። እሱንም ከአባቷ ጋር አብረው ቀበሩባት።

ለአርባው ዘሐራ ከሞጣ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ኢክራምን አስከትላ። እኔ በእሷም ተቀይሜ ነበር። አስገብቼ አስቀመጥኳትና አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«እናንተ ቤት ምን ጎደለባት? አስጨፍራችሁ፣ እጇን አስውባችሁ ላካችሁልኝ።»

ዘሐራ ደነገጠች። «እህቴ፣ አልሰማሽም እንዴ? እኔ እኮ ደውያለሁ!»

«የት?»

«በአንቺው ስልክ ነዋ። ረቡዕ፣ መምህሩ እንደነገረኝ። የባሌ መኪና ሸቀጥ አራግፋ በር ላይ ቆማለች። ልጆቹ ገደሉን መውረድ ሳይጀምሩ እንደርስባቸዋለን፣ እኔ ራሴ አቅፌያት እመጣለሁ ብዬ ነው የደወልኩት። ያነሱት ወንድ ናቸው። እናቷ መናገር አትችልም፣ ቤተሰቡ ተስማምቷል፣ አንቺም አፍሽን ዝጊ አሉኝ።»

አያ ቢሻው ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አልካዱም።

«እና ምን ልበል?» አሉ። «ስንቱን ያረዳሁ ሰው ነኝ። ልጅቱ መኪና ውስጥ ራሷን ብትስትስ?»

«ብትስት ውኃ እረጭባታለሁ» አለች ዘሐራ። «አባቷን ግን ትቀብር ነበር።»

«አንቺ የእኛን ወግ አታውቂም።»

«እንዴት አላውቅም ጋሼ? ሞጣም ቢሆን መርዶ በስልክ አይነገርም። ግን አባቷ ሬሳ ሆኖ ተኝቶ ልጂቱ ትዝፈን የሚል ወግ የማን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አንዱ «ዛሬ ተዝካር ነው፤ ነገር አይነሳም» አለ። ዘሐራ ወደ እኔ ዞረች።

«ሂናውን ኢክራም ናት የቀባቻት፤ አታውቅም ነበር፤ አልነገርኳትም። እኔ የትርንጎን ፊት ማየት አቅቶኝ ሱቅ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ስመለስ ቀለሙ ይዟል። የሰው ልጅ ናት፤ ዘመድ አይሆንም ካለ እኔ ባዕዷ በምን አቅሜ ላምጣት? ይኸው እሱ ነው እስካሁን የሚበላኝ» ብላ አለቀሰች።

ትርንጎ የእጅ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሄዳ ከዘሐራ አጠገብ ተቀመጠች። አያ ቢሻውን ቀና ብላም አላየቻቸውም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወደ እኔ መጣች።

«ስ... ስልክሽን ወስደውብሽ ነው?»

«አዎ።»

«ለ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልተስማማሁም ብዬሽ ነበር» አልኳት። «አላመንሽኝም።»

ያን ዕለት አብረን አለቀስን። ለመጀመሪያ ጊዜ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ምላሷም በርትቷል ትለኛለች። አንድ ነገር ግን አልዳነላትም፤ ሰው ደግ ሲሆንላት ትፈራለች። ባለፈው ጊዜ አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ለልደቷ ኬክ ገዝተው፣ መብራት አጥፍተው ጠብቀዋታል። ሌላ ልጅ ብትሆን ትስቅ ነበር። እሷ ኬኩን ሳትቆርስ ወደ ውጭ ወጥታ ደወለችልኝ። «እማ፣ ደህና ነሽ? ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። ማንም አልሞተም ብላት አላመነችም። ጎረቤት ጠርቼ አስምዬ ነው ያሳመንኳት።

በቅርቡ አያ ቢሻው ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። አርጅተዋል። የሚቀመጡበትን አመቻችቼላቸው፣ «አያ፣ አደራ የምልዎ ነገር አለ» አልኳቸው። «እኔ የሞትኩ ዕለት ለትርንጎ በዚያው ሰዓት ይደወልላት። መንገድ ላይም ትሁን፣ ፈተና ላይም ትሁን፣ በስልክ ይነገራት።»

ሳቁ። «እሺ፣ እሺ። ደግሞ ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሞት ሞት የምትይ?»

ያንን እሺ አውቀዋለሁ። እንደማይደውሉላት ያን ጊዜውኑ ገባኝ። እሳቸው ቀድመውኝ ቢሄዱ እንኳ በቦታቸው የሚቀመጠው ሰው ያንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ ለዘሐራ ነገርኳት። የእህቷ ልጅ ቢቸና ውስጥ ሱቅ አለው፤ ከእኛ ቤት ለቅሶ ሲሰማ በዚያው ቅጽበት ሊደውልላት ቃል ገብቷል። እሷም ለትርንጎ፣ «ወላሂ፣ የትም ብትሆኚ እነግርሻለሁ፤ መጥቼም አመጣሻለሁ» ብላታለች። የእናቷን መርዶ ከማን እንደምትሰማ እናትና ልጅ ተቀምጠን ተነጋግረን ተስማማን። ይህ ደግ ነገር አይደለም። ለእኔ ግን እረፍት ሰጥቶኛል።

አያ ቢሻውን አሁንም ብድግ ብዬ ነው የምቀበላቸው። ትራሱን አስተካክልላቸዋለሁ፣ ከቤት ያለውን አቀርብላቸዋለሁ፣ እስከ በር እሸኛቸዋለሁ። ይቅር ግን አላልኳቸውም። እሳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ደግ የዋሉልን ይመስላቸዋል።